ለሕያው የተነፋ ጡሩንባ

መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜዋለሁ፣ ብርሃኑ ግን በጠርዙ ሾልኮ ይገባና ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቆማል፣ እኔም እሱን እያየሁ ጋደም ብያለሁ፣ እንቅልፍ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቼ ነው የገባሁት። ሰው ሲነሳ እተኛለሁ፣ ሰው ሲተኛ እነሳለሁ፣ ካሰል በምትባል በዚች የጀርመን ከተማ እንዲህ ስኖር ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰውነቴም ለምዶታል፣ ዛሬ ግን እምቢ አለ። ስልኬ ትራሴ ሥር ነው። እዚህ አራት ሰዓት ሲሆን ደብረ ታቦር ስድስት ይሆናል፣ ያን ጊዜ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ገብተው፣ ወንድሜ የሺዋስ ይደውልልኛል። «ድንቄ፣ አደራ እንዳትተኚ» ብሎኛል ትናንት፣ «የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ይቅር ማለት አለበት ብለዋል አባ እሸቴ። አንቺም በስልክ ትያለሽ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሰማዋለሁ።» ይቅር የምለው ታምራትን ነው። ታምራት ጌጡ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ ፖሊሱ፣ የዛሬ ስድስት ዓመት በቅዳሜ ገበያ መሀል አባቴን አፉ ላይ በቆመጥ የመታው። አንዲት ቃል ናት፣ ይቅር፣ ሦስት ፊደል፣ ሰው ተኝቶም ሊላት ይችላል። ግን የላክሁት እኔ ነኝ። ታምራትን አባቴ ላይ የላክሁት እኔ፣ ልጁ፣ ድንቅነሽ ነኝ፣ ይህንንም ከታምራትና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

አባቴ ላቀው የሠፈራችን እድር ጡሩንባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣል፣ መንታ መንገዱ ላይ ይቆማል፣ ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ እኛ አልጋችን ውስጥ ሆነን የሟቹን ስም እስኪጠራ ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ ከዚያ ድምፁ ይመጣል፣ «የእድር አባሎች ስሙ! የአቶ እገሌ ባለቤት ወይዘሮ እገሊት አርፈዋል! ቀብራቸው በስድስት ሰዓት ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ድምፁ ጋፋት ድረስ ይሰማል ይሉ ነበር፣ ይህ እንኳ ማጋነን ነው፣ ግን ሰው ለድምፁ ክብር ነበረው። በመንገድ ሲያልፍ ሁሉም አንቱ ይለዋል። እኛን ልጆቹን ግን አንተ በሉኝ ብሎ ነው ያሳደገን፣ «አንቱ ለማስነግርላቸው ይሁን፣ እኔ ገና አለሁ» ይል ነበር። እናታችን የሞተች ጊዜ የእድሩ ዳኛ ሌላ ሰው ይንፋ አሉ፣ እሱ ጡሩንባውን ከግድግዳው አወረደና «ለሰው ሁሉ ነፍቼ ለሷ ማን ሊነፋላት ነው?» ብሎ ወጣ። ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ስሟን ሲጠራ ድምፁ እንኳ አልተሰበረም። ተመልሶ ገባና አልጋው እግር ሥር ተቀመጠ፣ ጡሩንባውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። መጠጣት የጀመረው ከአርባዋ በኋላ ነው።

ሰዓቱ ሁለት ተኩል ነው። ገና ነው።

መጀመሪያ የሞተው የቦኖ ውሃው ነው። ሦስት ሳምንት ጠብ አላለም ነበር፣ ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው ተቀምጠዋል፣ አባቴ ከውዴ አረቄ ቤት ወጣና ቦኖው አጠገብ ቆሞ ነፋ፣ «የእድር አባሎች ስሙ! ክቡር ቦኖ ውሃ ባደረባቸው ድርቀት ሲሠቃዩ ቆይተው አርፈዋል! ቀብራቸው ውሃ በመጣ ቀን ነው!» ሴቶቹ እየሳቁ እልል አሉ። አንዷ ነጠላዋን አገልድማ የውሸት ደረቷን መታች። እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ፣ እውነቴን ነው፣ ስቄያለሁ። ቀጥሎ የውዴ አውራ ዶሮ ሞተ፣ ቀጥሎ የሠፈሩ ድልድይ፣ ከዚያ ሰው መሳቅ ተወ፣ ምክንያቱም የታመመ ያለበት ቤት ጡሩንባ በሰማ ቁጥር ይደነግጣል፣ አንዲት አሮጊትም ከአልጋቸው ወድቀው ነበር። እድሩ ሁለት ጊዜ መከረው፣ ለእናቴ ሲሉ ግን ጡሩንባውን አልቀሙትም። እኔ ያን ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፣ ሊያገባኝ ያሰበ ሰውም አለ፣ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጧል። አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ከመስኮቱ ውጭ ጡሩንባ ተነፋ። «የእድር አባሎች ስሙ! የዚህ ቢሮ ታላቅ ሰው አቶ ነገ ተመለስ አርፈዋል! ከዛሬ ጀምሮ ባለጉዳይ ሁሉ ይስተናገዳል!» ባለጉዳዮቹ በሳቅ ፈረሱ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወደ መስኮት ሮጠ፣ አለቃዬ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩና «እኒህ ሰውዬ ያንቺ አባት አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። እኔም «ጎረቤታችን ናቸው» አልሁ። አንቱ አልሁት። አባቴን ያን ቀን ብቻ ነው አንቱ ያልሁት።

ታምራትን ያገኘሁት የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስወጣ ነው። ባጃጅ መያዣው ጋ ቆሟል፣ ዩኒፎርሙ ገና አዲስ ነው፣ እጅጌው ረዝሞበታል። አንድ ግቢ የሚያህል ሠፈር ውስጥ ነው ያደግነው። አባቱ ጌጡ በልጅነቱ ሞተውበት የነፋላቸው አባቴ ነው፣ ከዚያ በኋላም ልጁ እኛ ቤት እየመጣ ይውል ነበር፣ አባቴ ፊቱን ያጥበዋል፣ ንፍጡን ይጠርግለታል፣ ጡሩንባውን አሲዞ ያስነፋዋል፣ ጉንጩ ይነፋል እንጂ ድምፅ አይወጣውም።

«ታምራት፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» አልሁት።

«አንቺ ብቻ አስቸግሪኝ።»

«አባዬን አስደንግጥልኝ።»

ሳቀ። «አባ ላቀውን? እኔን ሳያስደነግጡኝ?»

«የምሬን ነው። ጡሩንባውን ተቀበለው፣ ጣቢያ አስገባው፣ አንድ ሁለት ሰዓት አስቀምጠህ ልቀቀው። ሰው እያየ ይሁን ደግሞ። ሰው ካላየ አይደነግጥም።»

«ሰው እያየ?» አለ። ሳቁን ተወው። «ይቅርብን ድንቄ። ስካር ያልፋል።»

«ወይስ ትፈራዋለህ?» አልሁት። «ታዲያ ያንን ዩኒፎርም ምን ብለህ ነው የለበስኸው?»

እጅጌውን ሲሰበስብ ትዝ ይለኛል። «እሺ» ብሎኝ ሄደ። በዚህ ሁሉ ዓመት ያችን እሺ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እንጃ።

እዚህ የምሠራበት ቤት የሽማግሌዎች መጦሪያ ነው፣ የእኔ ፎቅ ላይ ሃያ ሦስት ሰዎች አሉ፣ አንዱ አቶ ሊንድነር ይባላሉ፣ ዘጠና ሊሞላቸው ነው፣ አእምሯቸው ይሄድና ይመለሳል፣ ሲሄድ ይሳደባሉ፣ ይተፋሉ፣ ካልጋ ለመውረድ ይታገላሉ። የመጣሁ ሰሞን እንዳይወርዱ አልጋቸው ጎን ያለችውን አጥር ወደ ላይ ላነሳ ስል የቡድን መሪያችን እጄን ያዘችኝ፣ ያለ ዳኛ ወረቀት አይነሳም አለችኝ። የምትቀልድ መሰለኝ። ለአልጋ አጥር ዳኛ? አዎ፣ ሰውን መውጫ መከልከል ነው፣ ዳኛው ያያል፣ ይፈርማል፣ ለሐኪም ነው፣ ለልጃቸው ነው፣ ብዙ ወረቀት ነው አለችኝ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ሳቅሁ፣ ሳቄ ቆይቶ ሌላ ነገር ሆነ። ባለፈው ሌሊት ደግሞ አቶ ሊንድነር ሻዩን ደረቴ ላይ ደፉብኝ፣ ፊቴ ላይ ተፉብኝ፣ አንድ ቃል አሉኝ፣ ቃሉን አልደግመውም፣ እኔም እጃቸውን ያዝሁ። መያዝስ መያዝ አለብኝ፣ ይወድቃሉ። ግን ከሚያስፈልገው በላይ ያዝሁ። ትንሽ በላይ። ስለቅቃቸው አንጓቸው ላይ አራት ጣቶቼ ታትመዋል። ለቡድን መሪዋ ነገርኋት፣ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ወረቀቱ ይጠይቃል፣ ምን ሆነ፣ ማን ነበረ፣ አንቺ ምን አደረግሽ። በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ጻፍሁ፣ እኔ ያዝኋቸው፣ አጥብቄ ያዝኋቸው፣ ተናድጄ ነበር። ፈረምሁ። አንብባ ስትጨርስ «ለልጃቸው ጧት እደውላለሁ» አለችኝ። የወሰደብኝ ጊዜ አምስት ደቂቃ አይሞላም። አምስት ደቂቃ። ልጃቸው እስካሁን ተደውሎላት ይሆናል። አባቷ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳደረገው፣ ስሜን ጭምር ታውቃለች።

የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ገበያው ሞልቷል፣ የእብናት ነጋዴዎች በሬ ይዘው መጥተዋል፣ ጤፉ፣ ገብሱ፣ ድንቹ በየመደቡ ተደርድሯል፣ እኔ ነጠላ ሻጮቹ ጋ ከተሰቀለው ልብስ ኋላ ቆሜያለሁ። ላየው ነው የመጣሁት። እንዴት እንደሚደነግጥ ላይ። አባቴ ከውዴ ቤት ወጥቶ ይመጣል፣ ትንሽ ይወላገዳል፣ ጡሩንባው በገመድ አንገቱ ላይ ነው። ታምራት ከፊቱ ይቆማል።

«አባ ላቀው፣ ጡሩንባውን ይስጡኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ይስጡኝ።»

«ማንም ካልሞተ ምን ያደርግልሃል?»

ሰው ይስቃል። ድንች ሻጮቹ ወደዚያ ዞረዋል።

«የሕዝብ ሰላም እየነሱ ነው። ጣቢያ እንሂድ።»

«ታምሬ» አለ አባቴ፣ በፍቅር ነው ያለው፣ አረቄ በጠጣ ፍቅር፣ «ያንን ቆመጥ አስቀምጥና ና ንፍጥህን ልጥረግልህ። ድሮም የምጠርግልህ እኔ ነኝ።»

ገበያው ፈነዳ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ «ኧረ ፖሊስ፣ ሂድ ተጠረግ!» ብላ ጮኸች። የታምራት ጆሮ ሲቀላ ከቆምሁበት ይታየኛል። ክንዱን ያዘው፣ አባቴ ክንዱን ነጠቀ፣ ታምራት ገፋው፣ በኃይል አይደለም፣ ሰካራም ግን ትንሽ ይበቃዋል፣ አባቴ በጉልበቱ ወደቀ። ተነሳ። ሱሪው ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ፣ ዙሪያውን ሰውን ሁሉ አየ፣ ሰው እያየው ነው፣ እኔም እያየሁት ነው፣ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ጡሩንባውን አነሳ። ሦስት ጊዜ ነፋ፣ እንደ ደንቡ።

«የእድር አባሎች ስሙ! የወይዘሮ ፈንታነሽ አንድ ልጅ፣ ኮንስታብል ታምራት ጌጡ፣ ዛሬ ረፋድ ላይ በድንገት አርፏል! ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ማንም አልሳቀም። ለቦኖ ይነፋል፣ ለዶሮ ይነፋል፣ በስም ለተጠራ ሕያው ሰው ግን አይነፋም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶም አይቶም የሚያውቅ የለም። አንድ ሽማግሌ አማተቡ። የእትዬ ፈንታነሽ ቤት ደግሞ ከገበያው ጀርባ ነው። ጡሩንባውን ያውቁታል፣ ድምፁንም ያውቁታል፣ ሃያ ዓመት ያ ድምፅ የጠራው ሁሉ ሞቶ ነው የተገኘው፣ ለባላቸው የነፋውም ያው ነው። መጡ። ባዶ እግራቸውን፣ ነጠላቸው ወገባቸው ላይ፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ «ልጄን! ልጄን የት አደረጋችሁት!» እያሉ መጡ፣ ታምራት መንገዱ ላይ ቆሟል፣ እጁን ዘርግቷል፣ በአጠገቡ አለፉ። አላዩትም። አስከሬን ነው የሚፈልጉት፣ የቆመ ሰው አልታያቸውም። ከኋላ ይዞ ሲያዞራቸው ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱት፣ ዓይኑን፣ አፉን፣ ከዚያ መሬት ላይ ዝርግት አሉ። ያን ጊዜ ነው አባቴ ጡሩንባውን እንደገና ወደ አፉ ያነሳው።

እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የምቆመው። እንቅልፍ የሌለኝ ቀን ሁሉ እዚች ላይ ቆሜ ነው የሚነጋው፣ ወይም የሚመሸው፣ እዚህ አገር ተምታቶብኛል። ፊቱን አይቼዋለሁ። ስካሩ ከፊቱ በርሮ ጠፍቷል። የተነፋ ነገር የሚነሳው በጡሩንባ ነው፣ የሟቹን ስም ተሳስቶ አንድ ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ ሰምቼዋለሁ፣ ነፍቶ «ስሕተት ነው፣ እገሌ በሕይወት አለ» ይላል። ሊመልሰው ነበር። ታምራት አለ ሊል ነበር። ታምራት ግን እናቱ እግሩ ሥር ወድቀው ጡሩንባው ሲነሳ ብቻ ነው ያየው፣ የሚደግመው መሰለው፣ ቆመጡን ሰነዘረ። ጡሩንባው አፉ ውስጥ እያለ ነው። ድምፁ የብረት ድምፅ ነበር። አራት የፊት ጥርስ፣ የላይኛው ከንፈር እስከ አፍንጫው ድረስ። እኔ ከተሰቀለው ልብስ ኋላ ነኝ። ነጠላ ሻጯ ጮኸች፣ ሰው ሁሉ ሮጠ፣ እኔ አልሮጥሁም፣ አንዲት ነጠላ ጨምድጄ ይዤ ቆምሁ፣ አጠገቡ ደርሼ ጭንቅላቱን የያዝሁት ሰው ሁሉ ከከበበው በኋላ ነው፣ አሁን ከቤት የመጣሁ መስዬ።

ጣቢያ ጠርተው ቃሌን ተቀበሉኝ። «ሰክረው ነበር?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። ውሸት አይደለም። «ተሳድበው ነበር?» «አዎ።» ሌላ የጠየቁኝ የለም፣ እኔም ሌላ አልተናገርሁም፣ ታምራት ወደ እብናት ተዛወረ፣ ነገሩ በዚያው ተዳፈነ። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አረቄ አልቀመሰም፣ የተሰፋው ከንፈሩ ላይ እሳት ይሆንበታል። የፈለግሁት ይህንኑ አልነበር? መጠጣት ተወ። መንፋትም ተወ፣ ትንፋሹ በጥርሱ ክፍተት ያመልጣል። እድሩ የድምፅ ማጉያ ገዛ፣ አሁን የሚጣራው ዘውዱ የሚባል ሰው ነው፣ ዘውዱ ሲጣራ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል ይለኛል የሺዋስ። ሽማግሌ ሊልክ የነበረውን ሰው አትላክ አልሁት። ጀርመንኛ ተማርሁ፣ ሥልጠና አገኘሁ፣ ሄድሁ። ሰው ለእንጀራ ሄደች ይላል። በስልክ አባቴ «ሰላም ነሽ?» ሲለኝ ሰ ላይ ነፋስ ይወጣል፣ ያንን ነፋስ ስሰማ «አባዬ አይሰማም፣ ኔትወርኩ ነው» እልና እዘጋለሁ። ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ስንት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ?

እትዬ ፈንታነሽ በመስከረም ሞቱ። ታምራት ከእብናት መጥቶ ሲቀብር አባቴ ሄዶ አፈር አለበሰ፣ ከታምራት ትይዩ ቆሞ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ። ታምራት ሽማግሌ የላከው በሳልስቱ ማግስት ነው።

ስልኩ ይጠራል። ገና አራት አልሞላም። ተነስቼ ቁጭ አልሁ።

ዶሮ ይሰማኛል፣ ሳል፣ የቆርቆሮ በራችን ሲንኳኳ። «ድንቄ፣ አለሽ? ሁሉም ይሰሙሻል» አለ የሺዋስ። ከዚያ የአባ እሸቴ ድምፅ መጣ። «ልጄ ድንቅነሽ፣ እንደምን አለሽ በሰው አገር? ታምራት እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ እፊታችን ቆሟል። ሁላችሁም ይቅር እስክትሉ አይወርድለትም። ወንድምሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ ብሎ አስቸግሮናል፣ ይጠይቅ ብለናል።»

«እጠይቃለሁ» አለ የሺዋስ። ባጃጅ ሲነዳ ውሎ እንደሚጮኸው ነው የሚጮኸው። «አባቴ ስንት ዓመት ጠጥቷል፣ ማንም ነክቶት አያውቅም። ያን ቀን ብቻ በገበያ መሀል ያዘው ብሎ ማን ላከህ? ስሙን ጥራ፣ እኔም ይቅር እላለሁ።»

የታምራት ትንፋሽ ይሰማኛል፣ ድንጋዩ አንገቱን ተጭኖት።

«ማንም አልላከኝም» አለ። «እጄ ነው። እኔው ነኝ።»

«ለምን መታኸኝ ታምሬ?» ይህ አባቴ ነው። ነፋሱ አለበት።

«የሚደግሙት መሰለኝ፣ አባ ላቀው። እናቴ መሬት ላይ ነበረች። የሚደግሙት መሰለኝ።»

«ልመልሰው ነበር» አለ አባቴ። «አለ ልል ነበር። ታምራት አለ ልል ነበር።»

አንድ ሰው አለቀሰ፣ ማን እንደሆነ አልለየሁትም። ቆይቶ አባቴ «ይቅር ለእግዜር» አለ። የሺዋስም ጥርሱን ነክሶ «ይቅር ለእግዜር» አለ። ከዚያ አባ እሸቴ «ድንቅነሽ ልጄ፣ ያንቺ ብቻ ቀረ፣ ቶሎ በይ፣ ከብዶታል» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ያለችውን የብርሃን መስመር አየሁ። ከብዶታል። የኔንም ጨምሮ ነው የተሸከመው፣ ስድስት ዓመት፣ አሁንም ማንም አልላከኝም ብሎ ቆሟል። ሦስት ፊደል ብል ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አልሁ።

«ምን አለች?» አሉ አባ እሸቴ። «አልሰማንም፣ ከፍ አርጊው።»

ሁለተኛ ማለት ከመጀመሪያው ይብሳል። ተነስቼ ቆምሁ። «አባዬ፣ እኔ ነኝ! ታምራትን ሰው እያየ አስደንግጥልኝ ያልሁት እኔ ነኝ! አፍሬብህ ነው! ገበያውም ውስጥ ነበርሁ፣ ቆሜ ሳይ ነበር!» ጮኼ ነው ያልሁት፣ ጎረቤቴ ግድግዳውን መታ። ደብረ ታቦር ላይ ዶሮዎቹ ብቻ ይሰማሉ። ታምራት ቀስ ብሎ «ምነው ድንቄ» አለ። አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲወርድ ሰማሁ፣ ለታምራት አወረዱለት። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፣ እግር ይረማመዳል፣ አባ እሸቴ «የሺዋስ! ምን ልታደርግ ነው?» ይላሉ።

«ልሸከም ነው» አለ ወንድሜ። ድምፁ በንዴት ይንቀጠቀጣል፣ በንዴት ብቻም አይደለም። «ሰው በሌለበት ወንድሙ ይሸከምለታል። አባዬ፣ ያውልህ። እህቴ ናት። ይቅር በላት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፣ ሰከንዱ ይቆጥራል።

«አስቀምጠው» አለ አባቴ።

«አባዬ፣ እባክህ…»

«አስቀምጠው አልሁህ። እዚያ አይደለም፣ ደጃፉ ጋ። የራሷን ራሷ ትሸከመዋለች። ስትመጣ።» ከዚያ ድምፁ ቀረበ፣ ስልኩን ተቀብሎ መሆን አለበት። «ድንቅነሽ። ዛሬ ኔትወርኩ እንዴት ነው?»

ያውቅ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ስዘጋበት ያውቅ ነበር።

«ደህና ነው አባዬ» አልሁ። «ሁሉም ይሰማኛል።»

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል።»

«እንግዲያስ ደህና ዋይ» አለ፣ እያንዳንዷን ቃል ለብቻ፣ ነፋሱን ሳይደብቅ፣ ዘጋው።

አሁን ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ አልተኛሁም። የሺዋስ ፎቶ ልኮልኛል፣ ከፎቶው ጋር ሰላምታ የለም፣ ገና ተቆጥቷል። ድንጋዩ ከደጃፋችን በስተቀኝ ነው። አወቅሁት፣ ልብስ አጥብበት የነበረው ጠፍጣፋው ድንጋይ ነው፣ አንድ ጥጉ የተሸረፈው። ከጎኑ በርጩማ አለ፣ በርጩማው ላይ አባቴ፣ ፊቱ በፎቶው አልገባም፣ ጉልበቱና እጁ ብቻ ይታያሉ። ከፎቶው ሥር የሺዋስ አንድ ነገር ጽፏል። የጎረቤት ሴቶች ድንጋዩ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ አባዬ ከለከላቸው፣ ምነው ቢሉት ባለቤት አለው አላቸው።